የእናቴ አገልግል

   

ልጄ፣ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሠራተኛ ሆነሽ መቀጠርሽን የሰማን ቀን እዚህ ሰቆጣ ቤቱ በሰው ሞላ። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ፣ ሽማግሌዎቹም ቆመው መረቁሽ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ይህን ቢያይ ብዬ የእኔ የአጎትሽ ዓይን እንባ አቀረረ። ከዋግ ደጋ ተነሥታ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ልጅ አለችን ማለት ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሰሞኑ ስልክሽ ግን ጥቂት አሳሰበኝ። የመጀመሪያ ደመወዝሽን ተቀብለሽ «ገና በ24 ዓመቴ ለጡረታ ብለው 7 በመቶ ቆረጡብኝ፤ ጡረታ ለእኔ ምኔ ነው?» ማለትሽን እናትሽ ነገረችኝ። አልቆጣሽም። እኔም እንደ አንቺ ሥራ ስጀምር እንዲሁ ብያለሁ። በእኔ ጊዜ የሚቆረጠው 4 በመቶ ነበር፤ እሱም በዝቶብኝ አጉረምርሜያለሁ። ዛሬ የምታበላኝ ያቺ ያን ጊዜ የተቆረጠችው ናት።

ስለዚህ ረጋ ብለሽ አድምጪኝ። ነገሬ ይረዝማል፤ ፍሬው ግን አንድ ነው። ጡረታ ስንቅ ነው። ስንቅ ደግሞ የሚሰናዳው ከመንገዱ በፊት ነው።

አስቀድሜ የራሴን ላጫውትሽ። ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከመግባቴ በፊት 4 ዓመት በገጠር አስተምሬያለሁ። መኪና የማይደርስበት፣ በእግር የሚኬድበት ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ ወደ ተቋሙ ተዛውሬ በንብረት ክፍል 29 ዓመት ሠራሁ። የመንግሥት ዕቃ ስቆጥር፣ ስመዘግብ፣ ስረከብና ሳስረክብ ኖርኩ። የራሴን ወረቀት ግን አንድ ቀን አልቆጠርኩም።

60 ዓመት ሞልቶኝ ማኅደሬ ሲከፈት ያ የማስተማር 4 ዓመት የለም። የቅጥር ደብዳቤው የለም። የመልቀቂያው ደብዳቤ የለም። «ማስረጃ አምጣ» ተባልኩ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለስኩ። አንዱ ጋ ስሄድ መዝገቡ ጠፍቷል፤ ሌላው ጋ ስሄድ ያን ጊዜ የነበረ ሰው የለም። በእርጅና ጉልበት ደረጃ መውጣትና መውረድ ምን ያህል እንደሚያደክም አሁን አይገባሽም። እንዳይገባሽም እመኝልሻለሁ።

«አራት ዓመት ምን ያህል ነው?» ትይኝ ይሆናል። ሒሳቡን ላሳይሽ፤ የአንቺም ሒሳብ ነውና።

ሕጉ እንዲህ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ከመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለችው ለእያንዳንዷ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አበሉ እስከ ዕለተ ሞት ይከፈላል።

የእኔ አማካይ ደመወዝ 8,000 ብር ነበር። በ29 ዓመት ቢሰላ 53.75 በመቶ ይመጣል፤ በወር 4,300 ብር ማለት ነው። በ33 ዓመት ሲሰላ ግን 58.75 በመቶ ነው፤ 4,700 ብር። ልዩነቱ በወር 400 ብር፣ በዓመት 4,800 ብር ነው። ይህም እስከምሞት ድረስ። ለአንድ ወረቀት መጥፋት ይህን ያህል ይከፈላል፣ ልጄ።

ወረቀቱ የት ተገኘ መሰለሽ? በእናቴ አገልግል ውስጥ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አፏን የፈታችው በኽምጣንኛ ነው፤ አማርኛውን የምታውቀው ለገበያ ያህል ነበር። እኔ ወረቀት ይዤ ስመጣ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኝ ነበር፤ «ማኅተም አለበት?» አለበት ካልኳት ትቀበለኝና በአሮጌ አገልግል ውስጥ ታኖረዋለች። የአባቴ የግብር ደረሰኝ እዚያ ነው። የእህቴ የክትባት ካርድ እዚያ ነው። የእኔም የመጀመሪያ ደብዳቤዎች እዚያ ኖረዋል። እኔ ረስቻቸዋለሁ፤ እሷ ግን አልረሳችም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ሲደርስ ቤተሰቡ ሸሸ። እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት የለችም። እህቴ በጥድፊያ ያገኘችውን አነሣች፤ አገልግሉንም አነገተችው። ስንቅ ያለበት መስሏታል። መንገድ ላይ ልጆቹ ሲርባቸው ብትከፍተው እንጀራ የለበትም፤ ወረቀት ነው። አለቀሰች። ልትጥለውም አስባ ነበር። የእናታችን እጅ ያረፈበት ዕቃ ነውና አልጨከነችም።

እኔ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት የሰማችው እህቴ አንድ ቀን ያን አገልግል አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። የቅጥሬ ደብዳቤ ወጣ። የመልቀቂያዬም ደብዳቤ ወጣ። ማኅተማቸው ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። የ4 ዓመት አገልግሎቴ ከእናቴ አገልግል ተገኘ። እህቴም «ለካ እውነትም ስንቅ ኖሯል» አለችኝ።

ልጄ፣ ማንበብ የማትችለው እናቴ ወረቀቴን ጠበቀች። የተማርኩት እኔ ጣልኩት። አንቺ እንደ እኔ አትሁኚ። እንደ እሷ ሁኚ።

አሁን ምን እንድታደርጊ እንደምመኝ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስምሽን ተመልከቺ። በዋግ የዓለም ስም አለን፣ የክርስትና ስም አለን። ትምህርት ቤት በአንዱ፣ ቀበሌ በሌላው ይመዘግበናል። የአያትሽ ስም በአንዱ ወረቀት በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» ተጽፎ ይሆናል። ዛሬ ምንም አይመስልሽም። የዛሬ 36 ዓመት ግን «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» ይሉሻል። በዲግሪሽ፣ በፋይዳ መታወቂያሽ፣ በባንክ ደብተርሽና በቅጥር ደብዳቤሽ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ካልሆነ አሁን አስተካክዪ። አሁን አንድ ቀን ይፈጃል፤ ያኔ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ከዚያ የልደት ቀንሽን ተመልከቺ። ጡረታ የሚታሰበው መጀመሪያ ስትቀጠሪ ባስመዘገብሽው ዕድሜ ነው። በኋላ «ተሳስቼ ነው» ማለት አይሠራም። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን በፈረንጅ አቆጣጠር ባለው ቅጽ ላይ ሳትቀይሪ ከጻፍሽ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት ነው። ስንት ሰው በዚህ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ቅጹን ስትሞዪ አትቸኩዪ። የሞላሽውን ደግመሽ አንብቢ።

የጡረታ መለያ ቁጥርሽንም ጠይቂና ያዢ። ይህ ቁጥር ሥራ ብትቀይሪም አብሮሽ የሚሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ሁሉ ሦስት ቤት ይኑረው። አንዱ በመሥሪያ ቤቱ ማኅደር፣ አንዱ በእጅሽ፣ አንዱ በእናትሽ ቤት። በስልክሽም ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዕድገት ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ አንዱም አይቅር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ሲጠባ፣ የሰው ሀብት ክፍል ሂጂና «ማኅደሬን ልይ» በያቸው። በትሕትና ጠይቂያቸው። ማንም አይከለክልሽም። አንድ ገጽ ጎድሎ ካገኘሽ ያን ዕለት አስሞዪው።

አራተኛው ነገር ደመወዝና አበል መለየት ነው። ይህን ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሰው ይዘነጋዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከደመወዝ ሌላ ብዙ ገቢ አለ። የቤት አበል አለ። የኃላፊነት አበል አለ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ። የክረምት ትምህርት ክፍያ አለ። ሰው ይህን ሁሉ ደምሮ ኑሮውን በዚያ ልክ ይዘረጋል። ጡረታ ግን የሚታሰበው በመደበኛው ደመወዝ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ጡረታ በወጣሽ ማግስት ይቆማል። የምታውቂውን ሰው በኮት አይተሽው በዓመቱ በነጠላ የምታይበት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ስለዚህ ኑሮሽን በደመወዝሽ ልክ አቁሚ። አበሉን እንደ እንግዳ ተቀበዪው። ዛሬ መጣ፣ ነገ ይሄዳል። በመጣ ጊዜ ለነገ አስቀምጪው።

የአንቺን ሒሳብ ደግሞ እንይ። በ24 ዓመትሽ ተቀጥረሽ ሳታቋርጪ እስከ 60 ብትሠሪ 36 ዓመት ይሆንሻል። 30 በመቶው ከነ26ቱ ዓመት ጭማሪ 62.5 በመቶ ይመጣል። ያን ጊዜ አማካይ ደመወዝሽ 16,000 ብር ቢሆን 10,000 ብር ጡረታ ይኖርሻል ማለት ነው። አየሽ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ከሦስት እጅ አንዱ ከዚያም በላይ ይጎድላል። ገበያው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅሽም።

«የሚቆረጥብኝ» ያልሽውንም ልመልስልሽ። ደመወዝሽ 10,000 ብር ቢሆን ከአንቺ 700 ብር ይሄዳል። መሥሪያ ቤቱ ግን 11 በመቶ ያዋጣል፤ 1,100 ብር ነው። አንቺ አንድ ስታኖሪ እሱ ከአንድ ተኩል በላይ ያኖርልሻል። ተወሰደብኝ አትበይ። ተቀመጠልኝ በይ።

አምስተኛ፣ ክሩን አትበጥሺ። ሥራ መቀየር ኃጢአት አይደለም። በእኛ አገር ድርቅ በመጣ ቁጥር የረድኤት ድርጅቶች ሰው ይፈልጋሉ፤ ደመወዛቸውም ያጓጓል። ብትሄጂም አልከለክልሽም። በመንግሥት የሠራሽውና በግል ድርጅት የምትሠሪው አገልግሎት ተያይዞ ይቆጠራል፤ ለዚህም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ አለ። ነገር ግን ሦስት ነገር አረጋግጪ። አዲሱ ቀጣሪ የጡረታ መዋጮ መክፈሉን፣ በዚያው መለያ ቁጥርሽ መክፈሉን፣ የመልቀቂያሽንም ደብዳቤ በእጅሽ መያዝሽን። ለትምህርት ስትሄጂም መዋጮሽ መቀጠሉን ጠይቀሽ ሂጂ። 10 ዓመት ሳይሞላ 60 ዓመት የደረሰበት ሰው የዕድሜ ልክ አበል አያገኝም፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው የሚቀበለው። ዳረጎት ደግሞ እንደ ሠርግ ጠላ ነው፤ በአንድ ሰሞን ያልቃል።

ስድስተኛው የቤተሰብ ነገር ነው። እግዚአብሔር ትዳር ሲሰጥሽ በቤተ ክርስቲያን ብትቆርቢም፣ በሰማንያ ብትጋቢም፣ ጋብቻሽን በወሳኝ ኩነት አስመዝግቢ። ልጅ ስትወልጂ የልደት ምስክር ወረቀቱን አውጪ። ሁለቱንም ማኅደርሽ ውስጥ አስገቢ። ሠራተኛ ሲሞት ሕጉ ለሚስት ወይም ለባል የጡረታውን ግማሽ፣ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ይሰጣል። በልጃቸው ድጋፍ ሲኖሩ ለነበሩ ወላጆችም ድርሻ አለ። ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። 20 ዓመት አብራው የኖረች ሴት ባሏ ሲሞት ሚስት መሆኗን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ስትመላለስ አይቻለሁ። ሐዘኗ ሳያንስ። የጥያቄም ጊዜ ገደብ አለው፤ ዝም ያለ ሰው መብቱ ያመልጠዋል።

አሁን ወደ ጤና ልምጣ። ስለ ጡረታ የሚያስብ ሰው ስለ ሕክምና ይረሳል። በእርጅና ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ጡረታ ለእንጀራ ሲመጣ በሽታ ቀድሞ ይቀበለዋል። ግፊት፣ ስኳር፣ የዓይን ሞራ፣ የወገብ ሕመም፤ እነዚህ የእኔ ዕድሜ ጎረቤቶች ናቸው።

ለመንግሥት ሠራተኛና ለጡረተኛ የታሰበ የማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ ቀጣሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር የታሰበው። ሥራ ላይ መዋሉ ግን በየጊዜው እየተራዘመ ብዙ ዓመት አለፈ። ሠራተኛውም በጊዜው «ደመወዛችን ሌላ ቅነሳ አይችልም» ብሎ ነበር። አልፈርድበትም። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ስቆም ግን ያን ጊዜ ጀምሬ ባዋጣሁ ብዬ አስባለሁ። እንዲህ ያለ መዋጮ ስትጠየቂ ለማጉረምረም አትቸኩዪ። ምን እንደሚሸፍን፣ ማንን እንደሚሸፍን፣ የት እንደሚያሳክም ጠይቂ። ጠይቀሽ ወስኚ።

እስከዚያ በእጅሽ ያለውን እወቂ። የመንግሥት ሠራተኛ በመንግሥት ሕክምና ተቋም ያለውን ጥቅም፣ ለቤተሰብም የሚተርፈውን፣ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቂ። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስብሽ በዚያው ዕለት በጽሑፍ አስመዝግቢ። «ቀላል ነው፣ ይድናል» ብለሽ አትለፊው። ቀላል ያልነው ወለምታ በ60 ዓመት ምርኩዝ ያስይዛል።

ለእናትሽ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ይህ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙው አገር የደረሰ ነው። ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ቤተሰቡ በአንድ ደብተር ይታከማል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎ ወደ ሆስፒታል ይታለፋል። እዚህ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ይሄዳል። ሁለተኛ ዘንድሮ ስላልታመመ ለከርሞ ሳያሳድስ ይቀራል። በሽታ ደግሞ ደብተሩ ባለፈበት ዓመት ይመጣል።

የእናትሽን መድን አንቺ አሳድሺላት። ከደመወዝሽ ላይ ይህን አስቀድሚ። አልፎ አልፎ የሚያማት ጉልበቷ ሲብስባት ፍየል ሸጣ እንዳትታከም። የአንድ ዓመት መዋጮና የአንድ ፍየል ዋጋ አስተያዪው፤ ራስሽ ትፈርጃለሽ።

መጨረሻ የምነግርሽ፣ ጡረታን ብቻውን አታስቀምጪው፤ ጓደኛ ስጪው። ያ የጦርነት ጊዜ አስተምሮናል። ባንኩ ተዘጋ። ስልኩ ጠፋ። ጡረተኛው አበሉ በስሙ እንዳለ ያውቃል፤ አውጥቶ ግን ዱቄት ሊገዛበት አልቻለም። ያን ጊዜ ያለፈለት ትንሽ እህል በጎተራ፣ ትንሽ ብር በቤት፣ ጥቂት ፍየልና ቀፎ የነበረው ነው። ስለዚህ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ግቢ። ዕድርሽን አትተዪ። ከቻልሽ እዚህ አገርሽ ላይ ሁለት ሦስት ቀፎ አኑሪ፤ የዋግ ማር ገዢ አያጣም። እናትሽ ትጠብቅልሻለች። በዓመት በዓመት አንድ እየጨመርሽ ብትሄጂ ጡረታ ስትወጪ ንቦቹ ይቀበሉሻል።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጊ አላልኩሽም። በዚህ ሳምንት ስምሽንና የልደት ቀንሽን ብቻ አስተያዪ። በሚቀጥለው ወር ወረቀቶችሽን ፎቶ አንሺ። መስከረም ሲጠባ ማኅደርሽን ተመልከቺ። ትንሽ ትንሽ ነው። እንደምትችዪ አውቃለሁ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ደብተርሽን ጠርዙ ሳይታጠፍ የምትይዢ ልጅ ነበርሽ።

ለፋሲካ ስትመጪ የቅጥር ደብዳቤሽን አንድ ቅጂ ይዘሽልኝ ነዪ። የእናቴ አገልግል አሁን እኔ ዘንድ ነው። ቆዳው ደርቋል፤ ክዳኑ ግን ይገጥማል። ለአንቺ ወረቀት የሚሆን ቦታ አለበት። እኔም እንደ እሷ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ «ማኅተም አለበት?»

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ስንቅሽ ሙሉ፣ መንገድሽ ቀና ይሁን።

አጎትሽ፣ ከሰቆጣ